በበርበሬ ሚዛን የተመዘነች ልጅ

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ሳኒ ከድሮ፣ ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎ፣ እናቴ ሀሊሜ፣ አጎቴ ሙሀመድሰይድና የመጋዘኑ ሠራተኞች እንደምን ከረማችሁ?

አባ፣ በሾፌሩ በደበሌ በኩል የላኩት መልእክት ደርሶኛል። «ሰላምታውን ታሳጥርና የበላችውን ትጻፍ» ማለትዎን በር ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ሲነግረኝ አብረውኝ የነበሩት ልጆች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እህቴ ሰፍያ ከአዲስ አበባ ስትጽፍልን ደብዳቤዋ ሁሉ «ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቡ» ነበር። ጾሟን እያደረች፣ እየሳለች፣ ያንኑ «ደህና ነኝ» ስትጽፍ ቆይታ በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ ከአውቶቡስ አቅፈው አወረዷት። ወሩን ሳትጨርስ ቀበርናት። ስለዚህ ያንን ቃል ለእርስዎ አልጽፍም፤ የበላሁትን እጽፋለሁ።

መንገዱን ልጀምር። ደበሌ በርበሬዎን ጭኖ እኔን ጋቢና አስቀመጠኝ። ከኋላ የሚመጣው የበርበሬ ሽታ እስከ ቡኢ ድረስ ሲያስነጥሰን፣ ከቡኢ በኋላ ደግሞ አቧራው ተረከበን። ዓለም ገና ስንደርስ የጅማውን መንገድ በጣቱ አሳየኝና «እዚህ ወርደሽ ብትጠብቂ ወልቂጤ ቅርብሽ ነበር» አለኝ። እርስዎ ግን መርካቶ ዘመድ ቤት ሳታድር እንዳትሄድ ብለዋልና አደርኩ። በማግሥቱ ጭነቱን አራግፎ ለቡና ወደ ጅማ ሲወርድ ወልቂጤ ጣለኝ። እናንተ ከተራራው ማዶ ናችሁ፤ ወፍ ብሆን በአንድ ጠዋት በደረስኩ ነበር።

አሁን የበላሁትን። ጠዋት እናቴ ያሰረችልኝን ቆጮ በሻይ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የባቄላ ንፍሮ። ማታ ሽሮ። ክፍል የምትጋራኝ ወይንሸት የምትባል የጉንችሬ ልጅ ናት፤ እንደ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነች። እናቷ ለመስቀል የሠሩላትን ክትፎ ይዛ መጥታ በመካከላችን አስቀመጠችና ክርስቲያን አለመሆኔ ትዝ ሲላት ደንግጣ ሸፈነችው። እኔም የራሴን ቋንጣ ሸፈንኩ። ከዚያ ተያይተን ሳቅን። አይቡንና ጎመኑን ግን በአንድ ጣባ በላን፤ እስካሁንም እንደዚያው ነን።

የጤና አጠባበቅ መምህራችን ምግብን ሰውነት ገንቢ፣ ኃይል ሰጪና በሽታ ተከላካይ ብለው ይከፍሉታል። ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ እኔ ያሰብኩት መጋዘናችንን ነው። ወደዚህ የመጣሁ ቀን እርስዎ ከወራጁ ላይ ከተንጠለጠለው ሚዛን ሥር በጆንያና በገመድ መቀመጫ ሠርተው እንደ በርበሬ ሰቀሉኝ። መርፌው የቆመበትን ቦታ በሚስማር ጫሩት። «ለአረፋ ስትመጪ መርፌው ከዚህ ጭረት በታች ከቆመ ትምህርቱ አለቀ» አሉ። ምስክር ሆኖ የቆመው አጎቴም «አለቀ» አለ። እሱማ ከመመዘኔም በፊት አልቋል ባይ ነበር።

አባ፣ ጭረቱን አልፌ እመጣለሁ።

ልጅዎ ዘይባ


ቡታጅራ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ ዘይባ፣ ወዓለይኩም ሰላም።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ለራሴ አነበብኩት፤ ቀጥሎ ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ንፍሮው ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ከእሷ ቤት የወጣች ልጅ ንፍሮ በላች ቢሏት ያንን ሌሊት አትተኛም፤ እሷ ካልተኛች ደግሞ እኔን አታስተኛኝም።

ጽሕፈቴን ታገሺው። ፊደል የተማርኩት ጆንያ ላይ የሰው ስም ስጽፍ ስለሆነ ትልልቅ ይሆንብኛል። ወረቀቱ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ዋናውን ልበል።

መምህርሽ ስለከፈሉት ምግብ አንድ ጥያቄ አለኝ። በርበሬ ከሦስቱ የትኛው ነው? ዕድሜ ልኬን ስሸጥ የኖርኩት ገንቢ ነው፣ ኃይል ነው ወይስ መድኃኒት? ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ከሦስቱም አይደለም ካሉሽ አትጻፊልኝ።

በደበሌ በኩል በቃል የላክሽውን ሰማሁ። «ረመዳን በመካከል ስለገባ ከጭረቱ ላይ የጾሙ ይቀነስልኝ» ብለሻል። ብልህ ነሽ፣ እናትሽን ነው የወጣሽው። መልሱ ግን አይሆንም ነው። ጾሙ የአላህ ነው፤ ሚዛኑ የእኔ ነው። ሁለቱን አላደባልቅም። እኔ ሳኒ እዚህ ገበያ ስኖር አንድ ጊዜ እንኳ ሚዛን ላይ ጣቴን አሳርፌ አላውቅም። የመስቃን ገበሬ በርበሬውን ጭኖ የሌላውን ነጋዴ በር አልፎ እኔ ጋ የሚመጣው ለቁመናዬ ብሎ አይደለም። ለልጄ ብዬ አንድ ቀን ብጀምር በማግሥቱ ለጆንያውም እለምደዋለሁ።

ጨካኝ ሆኜ አይደለም። እህትሽን የላክሁት በሰው ቃል ነበር። «ትበላለች» አሉኝ፣ «ደህና ናት» አሉኝ፣ ራሷም ደህና ነኝ አለችኝ። ከእንግዲህ ቃል አልቀበልም፤ መርፌ አያለሁ።

ሳይነጋ ተነሥተሽ ስሑርሽን ብዪ። ተምር ልኬያለሁ፤ ለክርስቲያኗም አካፍያት።

አባትሽ ሳኒ


ወልቂጤ፣ ኅዳር 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒድ ሙባረክ። ዒዱን ያለ እናንተ ሳሳልፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ሰግጄ ስመለስ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ርቦኝ ተውኩት።

ስለ ጾሙ በደበሌ በኩል የጠየቁኝን ልመልስ። አንድም ቀን አላፈረስኩም። በምግብ ዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲበሉ እኔ ቤተ መጻሕፍት እቀመጥ ነበር፤ ስለዚህ በጂኦግራፊ ማንም አይደርስብኝም። ወይንሸት የማፈጥርበትን ሽሮ ከምድጃው ዳር አስቀምጣ ትጠብቀኛለች፤ እሷም ሳትበላ ነው የምትጠብቀኝ። «አንቺ ብይ» ስላት «ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም» ትላለች። ተምሩን እጅግ ወዳዋለች።

ግን አልዋሽዎትም፤ ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሰፍቶኛል። ይኸው አልደበቅሁም። አጎቴ ይህን ሰምቶ እንዳይደሰት፣ መላውን አግኝቼለታለሁ።

ስለ በርበሬው መምህራችንን ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀይ በርበሬ ከበሽታ ተከላካዮቹ ወገን ነው ብለዋል። «በልኩ ከሆነ» የሚል ነገርም ጨምረዋል፤ እሱን ለገበሬው መንገር የለብዎትም። እንግዲህ የሸጡት መድኃኒት ነው።

መላው እንዲህ ነው። አራት ሴቶች ነን በአንድ ግቢ። እያንዳንዳችን አንዳንድ እንቁላል እየገዛን ስንበላ ምላሳችንን ከማታለል በቀር ሰውነታችን ምንም አላገኘም። እናቴ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር የምትገባው የቅቤ ውጆ ትዝ አለኝ። ሁሉም በየሳምንቱ ያላቸውን ቅቤ ለአንዷ ይሰጣሉ፤ ተራው የደረሳት ቅሏ ይሞላል። እኛስ ለምን በእንቁላልና በወተት አናደርገውም? ለወይንሸት ስነግራት ከአልጋዋ ዘላ ተነሣች፤ የእሷም እናት ጉንችሬ ላይ ውጆ አላቸው። ሌሎቹ ሁለቱም ተስማሙ። አሁን አንዷ በሳምንቷ እንደ ሰው ትበላለች፤ የቀረነው ተራችንን እያሰብን ቆሎ እንቆረጥማለን። ተራው የደረሳት ልጅ በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ እጇን ደጋግማ ታወጣለች። ወላሂ፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ጭረቱን አልረሳሁትም።

ልጅዎ ዘይባ


ቡታጅራ፣ ኅዳር 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ ዘይባ፣

ቀሚሴ ሰፋ ያልሽው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ማምሻውን እንደገና አወጣሁት። እውነቱን መጻፍሽ ደስ ብሎኛል፤ የጻፍሽው ነገር ግን ደስ አላለኝም። ሁለቱን ለይተሽ ያዢልኝ።

የውጆውን ነገር ለእናትሽ አነበብኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ተነሥታ ዶሮዎቹን ልታይ ሄደች። ያጠራቀመችውን እንቁላል በበሶ ውስጥ ቀብራ ልካለች። ደበሌ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ እንዲል በእናቱ አስምላዋለች። እንቁላሉን ስታወጪ በሶውን እንዳትደፊው፤ እሱም የሚበላ ነው።

እዚህ የመስቃን በርበሬ ገብቶ ግቢው ቀልቷል። ለመነጋገር እንኳ ፋታ የለም። ሙሀመድሰይድ ግን ለአንቺ ነገር ፋታ አያጣም። «እንቁላል በተራ የሚበላበት አገር ልከሃት ለአረፋ ምን ልታነሣ ነው?» ይለኛል። መርፌው ይነግረናል አልኩት።

ጓደኞችሽ የገና ጾማቸውን ሳይገቡ አይቀሩም። እንቁላሉንስ ወተቱንስ ማን ሊበላው ነው? ይህን አስበሽበታል? አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ውጆ የገባ ሰው ተራውን ይወስዳል፤ ደግሞም ይመልሳል። እናትሽ ሰፍያ አልጋ ላይ ሳለች እንኳ የሰው ተራ አላጓደለችም። ከወሰድሽ መልሺ። ማጓደል በእኛ ቤት የለም።

አባትሽ ሳኒ


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። እንቁላሎቹ አንድም ሳይሰበር ደርሰዋል። ደበሌ መሪውን ከያዘው ይልቅ እንቁላሉን የያዘው ይበልጣል።

ስለ ጾሙ ያሰቡትን እነሱም አስበውት ነበር። ጾሙ ሊገባ ሲል ወይንሸት ሌሎቹን ሰብስባ «እኛ እስከ ገና እንቁላልም ወተትም አንነካም፤ እስከ ገና ተራው የዘይባ ይሁን፤ ከገና በኋላ ለየብቻችን ትመልስልናለች» አለች። በረመዳን እኔ ስጾም እነሱ ጠበቁኝ፤ አሁን እነሱ ሲጾሙ እኔ እበላለሁ። አባ፣ ይህን ሳስበው በጣም ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ዝርዝሩን ይስሙ። ጠዋት ወተትና የእናቴን በሶ በጥብጬ። ከትምህርት ቤት መልስ የተቀቀለ እንቁላል፤ ወይንሸት ሽታው እንዳይፈትናት ውጪ ትወጣለች። ማታ ምስር ወይም ሽሮ በጎመን። ቀሚሴ አሁን ወገቤን ይዞኛል፤ ቁልፉን ስቆልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር በእግራችን ጉብሬ ሄደን ነበር። ብርቱካን ገዝተን እየላጥን፣ እየዘፈንን። ስንመለስ ወንዝ ዳር ዛፍ ሥር አረፍን፤ እኛ ብርቱካኑን ስንበላ ትንኙም እኛን በላን። ወይንሸት ወንዙ ውስጥ አንድ ጫማዋን ስለጣለች የቀረውን መንገድ በተራ አዘልናት። እንዲህ ስቄ አላውቅም።

እንግዲህ ለአረፋ አጎቴ ሙሀመድሰይድ መነጽሩን አጽድቶ ሚዛኑ ሥር ይቁም። ቁጥሩንም እሱ ራሱ ያንብበው። ለሌላ ሰው እንዲተወው አልፈልግም።

ልጅዎ ዘይባ


ወልቂጤ፣ ጥር 5 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሳኒ ከድሮ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ውድ እናቴስ እንደምን አለችልኝ? አጎቴ፣ ዘመድ አዝማድ፣ ጎረቤቶቻችን በሙሉ እንዴት ናችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ፈተና ስለደረሰብን ደብዳቤው ቢያጥር ይቅር ይበሉኝ። ኢንሻአላህ ለአረፋ እንገናኛለን። ስለ እኔ አታስቡ።

ልጅዎ ዘይባ


ቡታጅራ፣ ጥር 10 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዘይባ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታው ብዙ ነው። ምግብ ግን የለበትም።

እናትሽ አንብብልኝ ስትል ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩላት። ዶሮ በልተሻል፣ ወተት ጠጥተሻል፣ ከሰው ሁሉ ወፍረሻል። አመነችኝ። ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ደበሌ ትናንት እኔ ጋ ነበር። ብዙ አወራን። ስለ ቡና ዋጋ ነው።

ፈተናሽን ስትጨርሺ ነይ። ጋቢ ልኬልሻለሁ፤ ሙቀት ነው ብለሽ እንዳታወልቂው፣ ጋቢና ውስጥ ተጠቅልለሽ ተቀመጪ። ደበሌ መንገድ ላይ አቁም ስትይው እንዲያቆም ነግሬዋለሁ። ሚዛኑ ቦታው ላይ ነው።

አባትሽ ሳኒ


ወልቂጤ፣ የካቲት 1 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። በሰላም ደርሻለሁ። ክፍል ገብቻለሁ፤ የፈተናው ውጤት ተሰጥቶን ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። እናቴ ያሰረችልኝን የአረፋ በግ ቋንጣ ማታ ማታ በትንሹ እየቆረጥኩ እበላለሁ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ዋናውን ለመጀመር ድፍረት ስላጣሁ ነው።

አባ፣ ገመዱን አውቄዋለሁ።

አጎቴ «በጉን ሳትበላ ትመዘን» ብሎ ገና ከመኪና ስወርድ ወደ መጋዘኑ ወሰደኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ነበር። መቀመጫው ላይ ስወጣ እንደማላልፍ አውቅ ነበር። እርስዎ «የገመዱን መገጣጠሚያ ልይ» ብለው ከኋላዬ ቆሙ። አጎቴ ከፊቴ ሆኖ መርፌውን ያያል። እግሬ ከመሬት ሲለቅ ጀርባዬ ላይ ገመዱ ሲጠብቅ ተሰማኝ። እጅዎ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲስበኝ የትንፋሽዎ ድምፅ ጆሮዬ ሥር ነበር። አጎቴ መነጽሩን አስተካከለና «አልፏል! ከጭረቱም በላይ ነው!» ብሎ ጮኸ። እልል አሉ። እርስዎ ግን ዞረው ወጡ፤ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ቆይተው ሲመለሱ ዓይኔን አላዩኝም። በዓሉን ሙሉ አላዩኝም።

አሁን እኔ የደበቅሁትን ልናገር። ከገና ጥቂት ቀን በፊት ወባ ያዘኝ። ከጉብሬ ስንመለስ የነከሰኝ ትንኝ ሳይሆን አይቀርም። ከጤና ጣቢያው ኪኒን ሰጡኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ብርድ ልብስ ለብሼ አጠና ነበር፤ እህል ሲያሳዩኝ ያስመልሰኛል። ከዚያ ገና ደረሰና የልጆቹ ተራ መጣ። ወይንሸት እንቁላሉን ቀቅላ አልጋዬ ድረስ አምጥታ «አንቺ ብይው፣ እኛ እንቆያለን» ብላ ተቆጣችኝ። እምቢ አልኳት። ወር ተኩል ሙሉ የእነሱን ስበላ ቆይቼ መመለሻዬ ሲደርስ ታምሜያለሁ ልል አልፈለግሁም። ሁሉንም መልሼ ነው የመጣሁት።

ለመመዘን ስመጣ ወይንሸት ቀሚሴ ጠርዝ ላይ ጠጠር እንስፋበት ብላኝ ነበር። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ተቆጣኋት። «እኔ የሳኒ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሚዛን ላይ ጣቱን አሳርፎ አያውቅም» አልኳት። ይህን ተናግሬ ነው የመጣሁት፣ አባ። ስመለስ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከቡታጅራ እስከ ወሊሶ አለቀስኩ።

ላጽናናዎት ብዬ ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። ትምህርቴን በተሳበ ገመድ መቀጠል አልፈልግም። ትቼውም አልገባም። ክረምት ሲመጣ እንደገና ይመዝኑኝ። ያን ጊዜ ሁለቱንም እጅዎን ይዘው ከፊቴ ይቁሙ። ወባም ይምጣ ጾምም ይምጣ አልፈዋለሁ።

ልጅዎ ዘይባ


ቡታጅራ፣ የካቲት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ልጄ ዘይባ፣

ሁለተኛ መውጣትሽን ለገበያው ሁሉ ነገርኩ። አንደኛ የወጣው ማን ነው? ይበላል?

ሚዛኑን አውርጄዋለሁ። ከበዓሉ በኋላ አንዲት የመስቃን ሴት በርበሬ ይዛ መጣች። እንደ ልማዷ ፊቷን አዙራ ከሰው ጋር ታወራለች፤ እኔ ስመዝን አይታ አታውቅም፤ ታምነኛለች። እጄ እምቢ አለኝ። ሙሀመድሰይድን ጠርቼ እሱ መዘነላት። ማታ ቁጭ ብለን «ያን ቀን ገመዱን ስቤያለሁ» አልኩት። ከእንግዲህ ይሳለቅብኛል፣ ለወንድሜም ለገበያውም ሰው አልሆንም ብዬ ነበር። ቀና ብሎ አይቶኝ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «መርፌው እንደ ቅጠል እየተንቀጠቀጠ ያነበብኩት ታውሬ መሰለህ? ጣትህንም ከትከሻዋ በላይ አይቻለሁ» አለ። አይቶ ነው አልፏል ብሎ የጮኸው። ወንድሜን ያኔ ገና አወቅሁት።

ስለ ወባውም፣ ስለ እንቁላሉም ደበሌ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። የመጣሽ ቀን ልቆጣሽ ተዘጋጅቼ ነበር። ከጋቢናው ስትወርጂ ግን እጅሽን ያዝኩሽ፤ ያን ጊዜ ቁጣው ሁሉ ጠፋኝ።

ልንገርሽ። ሰፍያን ከአውቶቡስ ሳወርዳት ምንም አልከበደችኝም። ያን ያህል ቁመት ያላት ልጅ፣ አንድ እጄ ይበቃት ነበር። ጆንያ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ቀን የለም፣ እሷ ግን አልከበደችኝም። አንቺን ገመዱ ላይ ሳይሽ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንድትከብጂልኝ። እጄ ራሱ ሄደ። አላህ ይጠይቀኛል፤ ይህንኑ እመልስለታለሁ።

ጭረቱን በሞረድ ፍቄዋለሁ። ክረምት ላይ አልመዝንሽም፤ ሁለት እጄን ይዤም አልቆምም። ትማሪያለሽ። እስከፈለግሽበት ድረስ ትማሪያለሽ። ሙሀመድሰይድም ከእንግዲህ ቃል የለውም፤ ባይሆን መነጽሩን ሸጦ ደብተር ይግዛልሽ ብዬዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። አባት ልጁን አይለምንም፤ እኔ ግን እለምናለሁ። ብትከሺ ግዴለም፣ ብትታመሚም ግዴለም፤ አትደብቂኝ። የጎደለውን ክብደትሽን ገመድ ስቤ ሞላሁት። የደበቅሽኝን ግን ከየት ስቤ ላመጣው እችላለሁ?

ዛሬ ምን በላሽ?

አባትሽ ሳኒ


ወልቂጤ፣ የካቲት 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

አባ፣

ዛሬ ምንም አልበላሁም።

ወባው ተመልሶ መጥቷል። ከትናንት ወዲያ ከሰዓት በኋላ ጀመረኝ። ትናንት ግማሽ ብርጭቆ ወተትና አንድ ብርቱካን ሞክሬ ወተቱን አስመለስኩት፤ ብርቱካኑ ቀርቷል። ክፍል አልገባሁም። ወይንሸት የጻፈችውን ትምህርት አልጋዬ ላይ ሆኜ እየገለበጥኩ ነው፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሌ እንደ እርስዎ ትልልቅ ሆኗል። ከጤና ጣቢያው ሌላ ዓይነት ኪኒን ሰጥተውኛል፤ ሐኪሙ ይህኛውን ከጨረስሽ አገርሽቶ አይመለስም ብሎኛል።

ለእናቴ ምንም ሳይዘሉ ያንብቡላት።

መምጣት አያስፈልግዎትም። ቢያስፈልግ ኑልኝ ብዬ እጽፋለሁ፤ አሁን እውነቱን ስለምጽፍ ያምኑኛል። ሁዳዴ ስለገባ ይህ ሳምንት በውጆው የእኔ ተራ ነው። ወይንሸት እንቁላሉን በሶው ውስጥ ቀብራ በሣጥን ቆልፋበት ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራለች፤ እስክበላ ድረስ ማንም አይነካውም ብላለች።

ነገ የምበላውን ነገ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ዘይባ